ከወረራ በኋላ ጉርብትና

አዘጋጆቹ ነጻ ስለወጡ አገሮች እንድናገር ሲጋብዙኝ፣ ስለ ባንዲራ መስቀልና ስለ ድል ቀን ብዙ ተብሏልና ስለ ማግስቱ ብናገር ይሻላል አልኳቸው። ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ የትናንቱ ወራሪ የት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ የትም አይሄድም። እዚያው ድንበሩ ላይ ነው። ዘይቱንና ሲሚንቶውን የሚሸጥላችሁ፣ ልጃችሁን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምርላችሁ እሱ ነው። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ እንዲህ ያለው ትስስር ከምን እንደሚገመድና ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ማሳየት ነው።

ለዚህ የመረጥኩት ምሥራቅ ቲሞርን ነው፤ የዛሬው የመንግሥት ስሟ ቲሞር ሌስቴ ነው። ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ከምትገኝ ደሴት ምሥራቃዊውን ግማሽ የያዘች፣ 1.3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት አገር ናት። የዚያችው ደሴት ምዕራባዊ ግማሽ የኢንዶኔዥያ ነው፤ ኢንዶኔዥያ ደግሞ ከ270 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት። አስቀድሜ የሆነውን በአጭሩ አስታውሳለሁ። ከዚያ ስለ መሪዎቹ ምርጫ፣ ቀጥሎም ተራው ሰው በየቀኑ ስለሚኖርበት ትስስር እናገራለሁ፤ መጨረሻ ላይ ገና ያልተከፈለውን ዕዳ አነሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከታሪኩ ልጀምር። ፖርቱጋል ምሥራቅ ቲሞርን ለብዙ መቶ ዓመታት ይዛ ኖራለች። በኤፕሪል 1974 ሊዝበን ላይ አምባገነኑ ሥርዓት በወታደሮች ሲገለበጥ የቅኝ ግዛቶቿ ሁሉ ገመድ ላላ። በምሥራቅ ቲሞር ዋና ከተማ በዲሊ ፓርቲዎች ተመሠረቱ፣ ተጣሉ፣ እርስ በርስም ተዋጉ። ያሸነፈው ፍሬቲሊን የተባለው ፓርቲ ኖቬምበር 28 ቀን 1975 ነጻነት አወጀ። ነጻነቱ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ዲሴምበር 7 የኢንዶኔዥያ ጦር ከባሕርም ከሰማይም ዲሊ ላይ ወረደ፤ በዓመቱ ጃካርታ ምሥራቅ ቲሞርን 27ኛ ክፍለ ሀገሯ አድርጋ አወጀች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይህን ፈጽሞ አልተቀበለም። ይሁንና አለመቀበሉ ማንንም ከሞት አላዳነም። በኋላ የተቋቋመው የቲሞር የእውነት ኮሚሽን እንዳረጋገጠው፣ በ24 ዓመቱ ወረራ ከግጭቱ ጋር በተያያዘ ቢያንስ 102,800 ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ 84,200 ያህሉን የጨረሳቸው ረኃብና በሽታ ነው። ወረራው ሲጀመር የአገሩ ሕዝብ ሰባት መቶ ሺህ እንኳ እንደማይሞላ አስቡት።

ዓለም ጆሮውን የሰጠው ዘግይቶ ነው። ኖቬምበር 12 ቀን 1991 ለተገደለ ወጣት ተዝካር ወደ ሳንታ ክሩዝ መቃብር የሄደ ሕዝብ ላይ ወታደሮች ተኩስ ከፍተው ከ200 በላይ ሰው ገደሉ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ማክስ ስታል የቀረጸውን ካሴት እዚያው መቃብር ውስጥ ቀብሮ፣ ኋላ አውጥቶ ከአገር አስወጣው። በ1998 የኢንዶኔዥያው ፕሬዚዳንት ጄኔራል ሱሃርቶ ከሥልጣን ወረዱ። ተተኪያቸው ሃቢቢ በጃንዋሪ 1999 ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ፤ ቲሞሮች ራሳቸው ይወስኑ አሉ። ኦገስት 30 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከተመዘገበው መራጭ 98.6 በመቶው ወጣ፤ 78.5 በመቶው ከኢንዶኔዥያ መለየትን መረጠ። ውጤቱ እንደተነገረ ጦሩና ያደራጃቸው ሚሊሻዎች አገሩን በእሳት አነደዱት። በዚያ ዓመት 1,400 ያህል ሰው ተገደለ፤ ሩብ ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ፣ ብዙው በግዳጅ፣ ወደ ምዕራብ ቲሞር ተሻገረ። ከሕንጻውም፣ ከመብራቱም፣ ከትምህርት ቤቱም አብዛኛው ወደመ። በሴፕቴምበር ዓለም አቀፍ ጦር ገባ፤ የተባበሩት መንግሥታትም አገሩን ከሁለት ዓመት በላይ አስተዳደረ። ሜይ 20 ቀን 2002 ምሥራቅ ቲሞር ነጻ አገር ሆነች።

እንዲህ ከተለያዩ በኋላ ሁለቱ አገሮች ዓይን ለዓይን መተያየት አይችሉም ብላችሁ ብትገምቱ ማንም አይፈርድባችሁም። የሆነው ግን ሌላ ነው። ይህ ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ መሪዎቹ ምርጫ ይወስደኛል።

የዚህ ምርጫ ዋና ሰው ሻናና ጉስማኦ ናቸው። የሽምቅ ተዋጊዎቹ አዛዥ ነበሩ፤ በኖቬምበር 1992 ዲሊ ውስጥ ተያዙ። ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ወደ 20 ዓመት ዝቅ ብሎላቸው ጃካርታ በሚገኘው ቺፒናንግ እስር ቤት ታሰሩ። እኔ የሁለቱን አገሮች የኋላ ወዳጅነት ሳስብ የምነሳው ከመሪዎች ስብሰባ ሳይሆን ከዚህ እስር ቤት ነው። ሻናና እዚያ የጠላታቸውን ቋንቋ ተማሩ። ግቢውን የተጋሩት ሱሃርቶን በመቃወማቸው ከታሰሩ ኢንዶኔዥያውያን ጋር ነው። የአንድ ጄኔራል አገዛዝ የጃቫውንም ተማሪ የቲሞሩንም ገበሬ ልጅ በአንድ ቁልፍ ቆልፎባቸው ነበር። በጁላይ 1997 ኔልሰን ማንዴላ ጃካርታን ሲጎበኙ እስረኛውን ካላገኘሁ ብለው አገኟቸው። እንግዲህ ሻናና ከእስር ሲወጡ በልባቸው ሁለት ኢንዶኔዥያ ነበረች፤ አንዷ ሕዝባቸውን የገደለችው፣ ሁለተኛዋ አብራቸው የታሰረችው።

ይህ ግንዛቤ የእሳቸው ብቻ አልነበረም። በ1988 ባሊ ውስጥ የሚማሩ ቲሞራውያን ሬኔቲል የተባለ የተማሪዎች ማኅበር በኅቡዕ መሥርተው ነበር። ወራሪው ታማኝ ዜጋ አደርጋቸዋለሁ ብሎ የትምህርት ዕድል የሰጣቸው ወጣቶች ናቸው። በዚያው ዕድል የጃካርታንና የዮግያካርታን ተቃዋሚ ተማሪዎች ተዋወቁ፤ በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ጽፈው፣ በኢንዶኔዥያ አደባባይ ሰልፍ ወጥተው ለነጻነታቸው ታገሉ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ፈርናንዶ ላሳማ ደ አራውዦ ቺፒናንግ ታስረው፣ ከነጻነት በኋላ የፓርላማ አፈ ጉባኤ ሆነዋል።

ከዚያኛው ወገንም እጅ የዘረጋ ሰው አልጠፋም። በፌብሩዋሪ 2000፣ የከተማው ጥላሸት ገና ሳይጠረግ፣ ፕሬዚዳንት አብዱራህማን ዋሂድ ዲሊ መጡ። ሳንታ ክሩዝ መቃብር ሄዱ፤ የኢንዶኔዥያ ወታደሮች ወደተቀበሩበትም ሄዱ፤ ስላለፈው ሁሉ ይቅርታ ጠየቁ። ወራሪ የነበረ አገር መሪ በቦታው ተገኝቶ፣ በራሱ አንደበት ይቅርታ ሲል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ለኔ ይህ ከብዙ ውል የሚበልጥ ነው። በ2002 የነጻነቱ ሌሊት ደግሞ የኢንዶኔዥያዋ ፕሬዚዳንት ሜጋዋቲ ሱካርኖፑትሪ፣ አገር ቤት ብዙ ተቃውሞ እያለባቸው፣ በበዓሉ ላይ ተገኙ። ሻናናም እጃቸውን ይዘው ለሕዝቡ ከፍ አደረጉት፤ ሕዝቡም አጨበጨበ።

መሪዎቹን ወደዚህ የገፋቸው ቸርነት ብቻ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ካርታውን እዩት። ኦይኩሲ የምትባለው የምሥራቅ ቲሞር ግዛት ከዋናው አገር ተነጥላ በምዕራብ ቲሞር መሐል ትገኛለች፤ ከዚያ በየብስ ወደ ዲሊ የሚሄድ ሰው የኢንዶኔዥያን መሬት ማቋረጥ ግድ ይለዋል። ድንበሩ ማዶ የታጠቁ ሚሊሻዎችና ቤታቸውን የናፈቁ ስደተኞች ነበሩ። አዲሱ መንግሥት ጎረቤቱን አኩርፎ አንድም ቀን ውሎ ማደር አይችልም ነበር። ከቂም የሚገኝ ስንቅ የለም ብለው ወሰኑ፤ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ከዚህ የተለየ የምወስን አይመስለኝም።

ወደ ሦስተኛው ነገር፣ ወደ ዕለት ኑሮው ልለፍ። ዲሊ ውስጥ አንድ ተራ ሱቅ ብትገቡ የምትከፍሉት በአሜሪካ ዶላር ነው፤ ሩፒያው በ2000 ተሰናብቷል። መደርደሪያው ላይ ግን ፈጥኖ የሚበስለው ኑድል፣ የምግብ ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ ብስኩቱ ከኢንዶኔዥያ የመጣ ነው። በር ላይ የቆመው ሞተር ብስክሌት፣ ጓሮ የተከመረው ሲሚንቶም እንዲሁ። ባለሱቁ የሚደውልበት መስመር የኢንዶኔዥያው የቴሌኮም ድርጅት ቅርንጫፍ የሆነው የቴልኮምሴል ሊሆን ይችላል። ማታ የሚያየው ድራማ ከጃካርታ የሚተላለፍ ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ኩፓንግ ወይም ዮግያካርታ ቢሆን አይገርምም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቲሞራውያን ወጣቶች እዚያ ይማራሉ፤ ክፍያው ከሌላው አገር ይረክሳል፣ ቋንቋውንም ያውቁታል።

የቋንቋው ጉዳይ ትንሽ ያስቆመኛል። ሕገ መንግሥቱ ፖርቱጊዝኛንና የአገሬውን ቋንቋ ቴቱምን የመንግሥት ቋንቋ አደረገ፤ የኢንዶኔዥያ ቋንቋና እንግሊዝኛ አስፈላጊ ሆነው እስከቆዩ ድረስ በሥራ ቋንቋነት ተፈቀዱ። በ1975 የተሰደዱትና ጫካ የገቡት ትልልቆቹ ፖርቱጊዝኛ ይናገሩ ነበር። በወረራው ዘመን ትምህርት ቤት የገባው ትውልድ ግን የተማረው በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ነው። ድንጋይ የወረወረው፣ የተገረፈው፣ የታሰረው ይኸው ትውልድ ነው። ነጻነት ሲመጣ ፍርድ ቤቱ፣ ሕጉ፣ የመንግሥት ደብዳቤው በማያውቀው ቋንቋ ሆነበት። ለነጻነቱ ሲታገል የኖረ ወጣት ባስመለሰው አገር ማመልከቻ የሚጽፍለት ሰው ሲፈልግ መኖር ትልቅ በደል ነው፤ መሪዎቹ ይህን በቅጡ አላሰቡበትም ብዬ አምናለሁ። የወራሪን ቋንቋ መናገር ወራሪን መውደድ አይደለም። ያ ትውልድ ቋንቋውን መሣሪያ አድርጎት ነበር፤ መሣሪያውን ይዞ ወደ ቤቱ ቢገባ ምን ነውር አለው?

ሃይማኖቱም እንዲሁ ነው። ወረራው ሲጀመር ከቲሞር ሕዝብ ካቶሊክ የነበረው ሲሶው ያህል ነው። ኢንዶኔዥያ ዜጎቿ ሁሉ በመንግሥት ከታወቁት ሃይማኖቶች በአንዱ እንዲመዘገቡ ታስገድድ ስለነበር፣ ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ጎረፈ። በ1981 ፖርቱጊዝኛ ሲከለከል ቤተ ክርስቲያኒቱ የኢንዶኔዥያን ቋንቋ ከመቀበል ይልቅ ቅዳሴዋን በቴቱም አደረገች። ዛሬ ከሕዝቡ ከ90 በመቶ በላይ ካቶሊክ ነው፤ ቴቱምም የአገር ቋንቋ ነው። ወራሪው ሊያቀልጠው ያሰበውን ሕዝብ በራሱ አዋጅ አንድ አደረገው።

ከዲሊ በስተምሥራቅ ባለ ኮረብታ ላይ የክርስቶስ ንጉሥ ሐውልት ቆሟል። ክርስቶስ እጆቹን ዘርግቶ በሉል ላይ ቆሞ ይታያል። ያሠራው የኢንዶኔዥያ መንግሥት ነው፤ የመረቁትም ሱሃርቶ ራሳቸው በኦክቶበር 1996 ናቸው። በዚያው ወር ነው ቲሞራውያኑ ጳጳስ ካርሎስ ቤሎና የነጻነት ታጋዩ ጆዜ ራሞስ ሆርታ የኖቤል የሰላም ሽልማት ማግኘታቸው የተነገረው። የሐውልቱ ቁመት 27 ሜትር ነው፤ 27ኛዋ ክፍለ ሀገር ለማለት። ነጻነት ሲመጣ አፍርሱት ያለ ሰው ቢኖርም አልፈረሰም። ዛሬ የከተማይቱ መለያ እሱ ነው፤ ምእመናን የመስቀሉን መንገድ እየተከተሉ ደረጃውን ይወጣሉ፣ ወጣቶች ጠዋት ጠዋት ይሮጡበታል። ይህ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ጣሊያን በጦር ካሳ ያሠራው የቆቃ ግድብ መብራት ሰጥቶናል፤ ከዚያ ሳንለይ በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን ሰማዕታቱ ሐውልት ስር አበባ እናኖራለን። ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ ይቻላል። በ2019 ዲሊ አዲስ ድልድይ ሠርታ በሃቢቢ ስም ሰየመችው፤ የሚቀጥለው ወር ሳያልቅ ሃቢቢ አረፉ።

እስካሁን የተናገርኩት ልብ የሚያሞቅ ነው። አራተኛውና የመጨረሻው ክፍል ግን እንዲህ አይደለም፤ ስለ ዕዳው ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ዲሊ ላይ ባቋቋመው የከባድ ወንጀሎች ምርመራ ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች ተከሰሱ፤ የተፈረደባቸው 84 ናቸው። የቀሩት አብዛኞቹ ድንበር ማዶ ነበሩ፤ ጃካርታ አሳልፋ አልሰጠችም። ከተከሳሾቹ አንዱ በ1999 የጦሩ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ዊራንቶ ናቸው። ኢንዶኔዥያ ራሷ በልዩ ፍርድ ቤት 18 ሰዎች አቀረበች፤ ስድስቱ ተፈረደባቸው፣ በይግባኝ ሁሉም ነጻ ወጡ። በ2004 ሻናና ባሊ ላይ ከዊራንቶ ጋር ተገናኝተው ተቃቀፉ። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ። ዘመዳቸውን የቀበሩ ሰዎች ያን ፎቶግራፍ ሲያዩ ምን እንደተሰማቸው ለመገመት ጠቢብ መሆን አያሻም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሻናና የተወጉ ናቸው፤ በራሳቸው ስም ይቅር የማለት መብታቸው ሙሉ ነው። በሌላው ቁስል ስም ግን ፕሬዚዳንትም ቢሆን ይቅር ማለት አይችልም። የዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ቢያስጨብጣችሁ የምመኘው ይህን ልዩነት ነው፤ አገር ከአገር ሊታረቅ ይችላል፣ የቤተሰብ ጥያቄ ግን በዚያ እርቅ አይዘጋም።

በ2005 ሁለቱ መንግሥታት የእውነትና የወዳጅነት ኮሚሽን አቋቋሙ። ምሕረት እንዲሰጥ የመምከር ሥልጣን ስለነበረው የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞቹ ቀርበው እንዳይመሰክሩ ከለከለ፤ ብዙዎችም ወንጀለኛን ለማጠብ የተቋቋመ ነው አሉት። ከሁለቱም አገር የተውጣጡት ኮሚሽነሮች በጁላይ 2008 ያወጡት ሪፖርት ግን ከተጠበቀው በላይ ደፋር ነበር። በ1999 በሰብአዊነት ላይ ወንጀል መፈጸሙን፣ የኢንዶኔዥያ ጦር፣ ፖሊስና የሲቪል አስተዳደር በተቋም ደረጃ ኃላፊ መሆናቸውን ጻፉ፤ በቲሞር ወገን የነጻነት ደጋፊዎች የፈጸሙትን ጥፋትም አላለፉም። ምሕረትንም አልመከሩም። የኢንዶኔዥያው ፕሬዚዳንት ዩዶዮኖ ሪፖርቱን ተቀብለው ጸጸታቸውን ገለጹ። በግለሰብ ደረጃ ግን የተጠየቀ የለም።

ወዳጅነቱ ፍትሕን እንዴት እንደሚጫን በግልጽ የታየው በ2009 ነው። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1999 ሱዋይ በምትባል ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጠለሉ ሰዎች ተጨፍጭፈው ነበር። ሦስት ቀሳውስት አብረው ተገድለዋል፤ ከሦስቱ አንዱ የጃቫ ተወላጅ ኢንዶኔዥያዊ ነበሩ። እኒህ ቄስ ቲሞራውያን ምእመናንን ጥለው አልሸሹም። በዚህ ግድያ የተከሰሰ አንድ የሚሊሻ አዛዥ ከአሥር ዓመት በኋላ ዘመድ ሊጠይቅ ሱዋይ መጥቶ፣ ሰዎች ለዩትና ተያዘ። ነገሩ በሕዝበ ውሳኔው አሥረኛ ዓመት በዓል ዋዜማ ላይ ነው። ጃካርታ ተቆጣች፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ በበዓሉ ላይ መገኘት አጠራጣሪ ሆነ። በበዓሉ ዕለት፣ ኦገስት 30፣ ሰውዬው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከእስር ወጥቶ ለኢንዶኔዥያ ተሰጠ። ሕዝቡ ድምፅ የሰጠበትን ቀን እያከበረ፣ ድምፅ በመስጠታቸው ስለተገደሉት የሚጠየቀው ሰው ተለቀቀ። ፓርላማ ውስጥ መንግሥትን ለመውቀስ የቀረበው ሐሳብም ሳያልፍ ቀረ። የመንግሥቱን ጭንቀት እረዳለሁ። ያደረገውን ግን ትክክል ነው ልል አልችልም፤ ወዳጅነት ሕግን በአንድ ሌሊት የሚያስተጣጥፍ ከሆነ ትንሹ ወዳጅ ነጻነቱን በከፊል መልሶ ሰጥቷል ማለት ነው።

ደግሞ ልጆቹ አሉ። በወረራው ዓመታት ወታደሮችና ተቋማት ከምሥራቅ ቲሞር ወደ ኢንዶኔዥያ የወሰዷቸው ሕፃናት በአራት ሺህ ይገመታሉ። አንዳንዱ ወላጁ የሞተበት ነው፤ አንዳንዱ ከእናቱ እጅ የተወሰደ። ስማቸው ተለወጠ፣ የብዙዎቹም ሃይማኖት ተለወጠ፤ ሱላዌሲና ጃቫ ላይ አደጉ፣ ወለዱ። የእውነትና የወዳጅነት ኮሚሽን የጠፉ ሰዎችንና ልጆችን የሚያፈላልግ አካል እንዲቋቋም መክሮ ነበር። ሥራውን በዋናነት የተሸከሙት ግን የሁለቱ አገር የመብት ተሟጋቾች ናቸው። ከ2015 ወዲህ የተገኙትን በቡድን በቡድን እያደረጉ ወደ ቲሞር ይወስዷቸዋል። ዛሬ ጎልማሳ የሆነው ልጅ የእናቱን ቋንቋ ረስቶታል፤ እናትየው ደግሞ ከጉንጩ ጠባሳ፣ ከጆሮው አቀማመጥ ልጇን ትፈልጋለች። አስተርጓሚው መሐላቸው ይቆማል። አጥቢያው ሁሉ ሞተ ብሎ ያለቀሰለት ሰው ነውና ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ሥርዓት ይደረግለታል።

ኦክቶበር 26 ቀን 2025 ምሥራቅ ቲሞር የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር የሆነው የአሲያን 11ኛ አባል ሆናለች። ያመለከተችው በ2011 ነው፤ ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ የሆነችው ኢንዶኔዥያ ማመልከቻውን ደግፋ ቆይታለች። የኢንዶኔዥያ ፕሬዚዳንት ከ2024 ጀምሮ ፕራቦዎ ሱቢያንቶ ናቸው፤ በወረራው ዘመን ምሥራቅ ቲሞር ውስጥ የዘመቱ የጦር መኮንን ነበሩ። ሻናና ደግሞ በ2023 ዳግመኛ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። የቀድሞው የጦር መኮንንና የቀድሞው ሽምቅ ተዋጊ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ንግድና ስለ ድንበር ይነጋገራሉ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጥያቄ እንዲቀርብ እመኛለሁ፤ ልጆቹ የተወሰዱባቸው መርከቦች፣ የተቀበሏቸው ማሳደጊያዎችና የወሰዷቸው የጦር ክፍሎች መዝገብ ይከፈት። ይህ የማንንም እስራት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መዝገብ አውጥቶ ማንበብ ነው። በ1978 እና በ1979 ልጆቻቸውን ያጡት እናቶች አብዛኞቹ ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ ጥያቄውም መቅረብ ያለበት በሚቀጥለው ስብሰባ ነው።